ምድጃ ሲበራ የሚነዝር ቤት

በወጣትነቱ የመኪና ካንዴላ ገመድ አንድ ሁለት ጊዜ ከመቆንጠጡ በቀር፣ ማኑሄን ኤሌክትሪክ ደፍሮት አያውቅም። መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቷል። የሞተር ማስነሻውን፣ የሞተሪኖውን፣ ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። የባትሪ ጫፍ በባዶ እጁ ይይዛል፤ የገመድ ልባስ በጥርሱ ይልጣል። ዓለም ለእሱ አሥራ ሁለት ቮልት ናት። ቀዩ ገመድ ከባትሪው ይነሳል፣ መብራቱን ያበራል፣ መመለሻው የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ «ቦዲ» ይሉታል። ኔጋቲቭ ማለት ቦዲ ነው፤ ቦዲም ማለት ኔጋቲቭ። ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ይህን ያህል ሰው አምኖ የሚያድርበት ነገር!

ሚስቱን ወርቅዬን ግን የገዛ ቤቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነዝራት ኖሯል።

«ማጠቢያው ዛሬም ነዘረኝ» ትለዋለች፣ ጀሞ ወዳለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ገና በሩን ሳይዘጋ።

«የቱ ማጠቢያ?»

«የልብስ ማጠቢያው ነዋ! ሁልጊዜ አይደለም። ምድጃው ሲበራ ነው።»

ማኑሄ ይስቃል። «ምድጃና ማጠቢያ ምን አገናኛቸው? አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።» ከዚያ የጋራዥ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሄዶ መዳፉን ማሽኑ ላይ ይለጥፋል፤ እንደ ጥሩ በቅሎም ሁለቴ መታ መታ ያደርገዋል። «ይኸው! የታለ? ነርቭሽ ነው፣ ወርቅዬ። እኔ እኮ ኤሌክትሪሺያን ነኝ።»

ወርቅዬ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿም «ኤሌክትሪክ ያለበት ቤት ትንሽ መንዘሩ የት ይቀራል» ብለዋታል። ስለዚህ ልብስ ስታጥብ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፤ ከእግሯ ሥርም ካርቶን ታነጥፋለች። ካርቶኑ ሲርስ ትቀይረዋለች። ማኑሄ ያንን ካርቶን በየቀኑ ተሻግሮት ያልፍ ነበር። ለምን እንደተነጠፈ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ዘንድሮ ግን ነገር መጣ። አንድዬ ልጃቸው ሚካል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀራት። እናቷ ቤት ልትታረስ ነው፤ ወጉም እንደዚያ ነው። ወርቅዬ ትንሿን መኝታ ክፍል ለአራስ ልታሰናዳ ገብታ ወጣችና ወገቧን ይዛ ባሏ ፊት ቆመች።

«ስማኝ፣ የሚካል አባት። አንደኛ፣ ያንን አሲድ የሚተፋ ባትሪ ከክፍሉ ታወጣልኛለህ። ሁለተኛ፣ ይሄ ቤት መንዘሩን ያቆማል። የሕፃን ልብስ በየሰዓቱ ነው የሚታጠበው። ካልሆነ ሚካል ብስራተ ገብርኤል፣ አማቷ ጋ ትታረሳለች። ራሴ ነኝ የማደርሳት።»

«አማቷ ጋ? የመጀመሪያ የልጅ ልጄ?»

«አዎ፣ አማቷ ጋ። እዚያ ቤቱ አይናከስም።»

ማኑሄ ደነገጠ። ወርቅዬ ትቆጣለች፣ ትስቃለች፣ ታኮርፋለች፤ እንዲህ ቀዝቅዛ ስትናገር ግን ሰምቷት አያውቅም። የመጀመሪያውን እሺ አላት። ሁለተኛውን፣ የነርቩን፣ እሷ እስክትረሳው ይጠብቃል።

ባትሪው ወደ ክፍሉ የገባው በኤንትሬ ምክንያት ነው። ኤንትሬ የማኑሄ አባት አሰብ መንገድ ላይ ያረጀበት የጣሊያን የጭነት መኪና ነው። ማኑሄ ከዘይት ጣሳ ላሜራ ቆርጦ አንድ ክንድ የሚያህል ትንሽ ኤንትሬ ሠርቷል። በሪሞት ይነዳል፤ ፍሬቻ ያበራል። የዝናብ መጥረጊያው ከወርቅዬ የፀጉር ሽቦ የተሠራ ነው። እነዚያ በግሪስ የጠቆሩ ወፋፍራም ጣቶች ያንን ቅጥነት ከየት እንዳመጡት ያየ ሁሉ ይገረማል! ቅዳሜ ከሰዓት ብሎኩ ሥር አውርዶ ሦስት ጡብ ሲያስጭነው፣ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ይወጣል።

ኤንትሬው የሚሄደው በትንንሽ የሊቲየም ባትሪዎች ነው። ለእነሱ የሚሆን ቻርጀር አማቹ፣ የሚካል ባል፣ ከውጭ አስመጥቶ ሰጠው። መዳፍ የምታህል ጥቁር ሣጥን ናት። ማኑሄ ገልብጦ አያት፤ ደግሞ ገለበጣት። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ነገር የላትም! ቀይና ጥቁር ገመድ ብቻ። ጀርባዋ ላይ ከአሥር እስከ ሠላሳ ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እንደምትፈልግ ተጽፏል። እሱም በሚያውቀው መላ፣ ከጋራዥ የመኪና ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ አራት ፎቅ እየወጣ ሲያጎርሳት ከረመ። አሲዱ መጋረጃውን በላው፤ ምንጣፉንም ጀመረው። አሁን ባትሪው ከወጣ፣ በቦታው ከግድግዳ ተሰክቶ ቻርጀሯን የሚመግብ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ጀሞ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሄደ። ባለቤቷ ሀኒፋ ኮምፒውተርና የደህንነት ካሜራ ትጠግናለች። በሻሿ ላይ የግንባር መብራት አስራ፣ የአንድ ካሜራ ሆድ ውስጥ አቀርቅራ ነበር።

«ፓወር ሰፕላይ ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።»

«ለምን ሥራ ነው፣ ጋሼ?»

«ለቻርጀር።»

«ቻርጀሩስ ለምን?»

«ለመኪና።»

«ምን ዓይነት መኪና?»

«ኤንትሬ።»

ሀኒፋ ቀና አለች፤ መብራቷ ዓይኑን ወጋው። «ጋሼ፣ ኤንትሬማ በፓወር ሰፕላይ አይነሳም። ግፋ ተብሎ ነው የሚነሳው።»

ማኑሄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳያት። ልጅቷ አየች፤ በሁለት ጣቷ አሰፍታ ደግማ አየች። «ወላሂ? ይሄን እርስዎ ነዎት የሠሩት? ፍሬቻው ይበራል?»

«ይበራል እንጂ! ዳገት ላይ ወጥቶ ፍሬን ይይዛል።»

ከዚያ በኋላ ደንበኛ ቢመጣም እያስጠበቀች አስተናገደችው። ቻርጀሯን ተቀብላ ጀርባዋን አነበበች። «ሁለት ባትሪ በአንዴ ነው የሚሞሉት? እያንዳንዱ ወደ መቶ ሠላሳ ዋት ይጠጣል። ሁለቱ ሁለት መቶ ስልሳ። ቻርጀሯም ራሷ በሙቀት የምታባክነው አለ። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እስከ አንገቱ አይጫንም፤ መተንፈሻ ይተውለታል። ሦስት መቶ ስልሳ ዋት ይበቃዎታል።»

የላፕቶፕ አዳፕተር አነሳች። «ይሄ ዘጠና ዋት ነው። ይሞክራል ግን ነፍሱ ይወጣል።» ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ሣጥን አነሳች። «ይሄ ዋቱ አለው። ግን አሥራ ሁለት ቮልት ነው።»

«አሥራ ሁለትማ የኔ ነው!»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ፤ ግን ሠላሳ አምፔር ሊሆንብዎት ነው። እንደ አውራ ጣትዎ የወፈረ ገመድ ይፈልጋል። ቮልቱን ሃያ አራት ካደረግነው አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል፤ ገመዱም ይቀጥናል።»

«እንደ ከባድ መኪና» አለ ማኑሄ በለሆሳስ። የጭነት መኪና ሁሉ ሃያ አራት ቮልት ነው። ያቺ ከዘይት ጣሳ የተሠራች ኤንትሬ የታላላቆቿን ቮልት ልትበላ ነው! ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም።

ሀኒፋ ወንፊት የመሰሉ ሁለት የብረት ሣጥኖች አወጣች፤ የካሜራና የማስታወቂያ መብራት የሚመገብባቸው ናቸው። ሁለቱም ላይ ሃያ አራት ቮልት፣ አሥራ አምስት አምፔር ተጽፏል። «ይመዝኗቸው» አለች።

በሁለት እጁ ያዛቸው። አንዱ ከብዶ መዳፉን ወደ ታች ጎተተው፤ ሌላው ባዶ የክብሪት ቀፎ ይመስል ነበር።

«ቀላሉ ይዋሻል» አለች ሀኒፋ። «ጽሑፉ አንድ ነው፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው።»

ማኑሄ ተገረመ። ውሸትን በመዳፍ መመዘን እንደሚቻል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረውም! ከባዱን መረጠ። ሀኒፋ በጎኑ ባለ ቀዳዳ ካቻቪቴ አስገብታ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ወደ 230 ገፋችለት፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በ115 ላይ ተቀምጦ ነበርና እንደዚያው ቢሰኩት ይፈነዳል። ከዚያ የገመድ ማሰሪያዎቹን እያሳየች በካቻቪቴዋ ነካ ነካ አደረገች።

«እነዚህ ሁለቱ ከግድግዳ የሚመጡት ናቸው። እነዚያ ወደ ቻርጀሯ ይሄዳሉ። ይሄ መሐል ያለው የኧርዝ ነው፤ የሣጥኑ ብረት በሙሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ውስጡ አንድ ነገር ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በዚህ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል እንጂ ሰው ላይ አይወጣም። ቤትዎ ኧርዝ አለ?»

«አለ እንጂ! የወጥ ቤቱን መስመር ራሴ ነኝ የዘረጋሁት።»

«የኧርዙን ገመድ ከየት አመጡት?»

«ከየትም አላመጣሁትም። ያው ቦዲ አይደል? ሶኬቱ ውስጥ ከኔጋቲቩ ጋር በአጭር ሽቦ አያያዝኩት።»

የሀኒፋ ሳቅ ጠፋ። የግንባር መብራቷን አጠፋች፤ ያኔ ፊቷ በደንብ ታየው።

«ጋሼ፣ ቤት እኮ መኪና አይደለም።»

«እንዴት?»

«በመኪና ኔጋቲቩ ብረቱ ነው። ቤት ውስጥ ግን መመለሻው ገመድ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ያንን ከዕቃ ብረት ጋር ካገናኙት፣ መስመሩ የላላ ቀን ብረቱ ራሱ...» አልጨረሰችውም። «ምድጃም በዚያው መስመር ነው?»

ማኑሄ ክው አለ። ይቺ ልጅ ቤታቸውን አታውቀውም። ምድጃን ማን ነገራት?

«የሚነዝር ዕቃ አለ?» አለችው።

«የለም» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ፣ ከማጠቢያው ሥር የተነጠፈው ካርቶን ድንገት ፊቱ ድቅን አለ።

«ይሄን ሳይሰኩ በፊት መልቲሜትር ይዘው ከሶኬቱ የኧርዝ ብረት እስከ ውሃ ቧንቧው ይለኩ። እና ጋሼ፣ ምድጃውን ማብራት እንዳይረሱ።»

ቤት ሲደርስ ወርቅዬ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ማኑሄ ማንንም ሳይጠራ ወጥ ቤት ገባ። ምድጃው ጠፍቷል። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ሶኬቱ የኧርዝ ብረት ላይ፣ ሌላውን ቧንቧው ላይ አደረገ። ሁለት ቮልት። ሁለት! ደስ አለው። የሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሰውዬ እንደ ልጅ ሮጦ ሚስቱን ጠራት።

«ነይ እዪ፣ ወርቅዬ! ሁለት ቮልት እኮ ዝንብ አይገድልም። ነርቭ ነው አላልኩሽም?»

ወርቅዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። መልቲሜትሩን አየች፤ ባሏን አየች። ምንም ሳትናገር አልፋው ሄደችና የምድጃውን አንድ ዓይን አበራች።

ቁጥሩ ዘለለ። አሥራ ሰባት።

ሁለተኛውን ዓይን አበራች። የጣሪያው አምፖል ፈዘዝ አለ። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አራት። ቁጥሩ ሊያዝ እንደደረሰ ሰው ልብ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አጥፊው» አለ ማኑሄ።

አጠፋችው። ሁለት።

«አብሪው።»

አበራችው። ሠላሳ ሦስት።

«እንግዲህ ነርቬ ያንተንም መሣሪያ ይዞታል» አለች ወርቅዬ።

ማኑሄ አልሳቀም። ሦስት ዓመት! መልቲሜትር ሳትይዝ፣ ቮልት የሚባለውን ሳታውቅ፣ በእርጥብ ጣቶቿ ለክታ ነግራዋለች። ምድጃው ሲበራ ብላ ሰዓቱን ሳይቀር ነግራዋለች። እሱ ሁሉንም «ነርቭ» ብሎ ዘጋው። ታዲያ እሱን ለምን አልነዘረውም? ወደ ታች አየ። ከጋራዥ የመጣው ወፍራም የጎማ ሶል ጫማው እንደ ሁልጊዜው እግሩ ላይ ነበር።

ብሬከሩን አጥፍቶ ሶኬቱን ፈታ። ሽፋኑ ሲወጣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ያቺ አጭር ሽቦ እዚያው ነበረች፤ በቀይ የናስትሮ ፕላስተር ሦስት ዙር ተጠቅልላ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ ታጥፋ። በከተማው ሙሉ ናስትሮ እንዲያ የሚያጥፍ ሌላ ሰው የለም። የገዛ እጁ ፊርማ ነበር። ከአጠገቧ የመመለሻው ገመድ ማሰሪያ ከስሎ ጠቁሯል፤ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተወዛወዘ፤ ደግሞ ቢነካው ተነቅሎ በእጁ ቀረ።

በእጁ ቀረ!

ማኑሄ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የመኪና ሰው ነውና መስመሩን በአእምሮው መከተል አያቅተውም። ይህ ገመድ ትናንት፣ ምድጃው በርቶ ሳለ ተነቅሎ ቢሆን፣ በምድጃው ውስጥ ያለፈው ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣና በአጭሯ ሽቦ በኩል ማጠቢያው ብረት ላይ ይወጣል። ሠላሳ አራት አይደለም፤ ሁለት መቶ ሃያ። ያኔ መንዘር የለም። ያኔ ይዞ አይለቅም። ወርቅዬ እርጥብ እጇን ዘርግታ፣ ካርቶኑ ርሶ... ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሚካል፣ አራሷ፣ ባዶ እግሯን፣ የሕፃኑን ልብስ ይዛ። ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለም። የከሰለውን ገመድ ጨብጦ ወለሉ ላይ ቀረ።

«ምንድነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አለች ወርቅዬ።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«የሚነዝርሽ። እኔ ነኝ የሠራሁት። እንደ መኪና አድርጌ አሰርኩት።» ሽቦዋን አሳያት። «ልገልሽ ነበር፣ ወርቅዬ።»

ወርቅዬ ሽቦዋን ተቀበለችው። አንድ ስንዝር አትሞላም። አገላብጣ አየቻት፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ሦስት ዓመት ስታስፈራራት መኖሯ እሷንም ገረማት። ጩኸት ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

«ካርቶን ባላነጥፍስ ኖሮ?» አለች ብቻ።

ምድጃው ስለማይሠራ ያን ቀን እራት ደረቅ ዳቦ ሆነ።

በማግስቱ ሀኒፋ የላከቻት የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ገዲሴ የምትባል ጎልማሳ ሴት፣ ጥቅልል ገመድ በትከሻዋ አንጠልጥላ መጣች። ሶኬቱን ከፍታ አየችና ፉጨት ለቀቀች።

«ኸረ በማርያም! ይሄን የሠራው ማነው? ይሄ ሰው መታሰር አለበት።»

ወርቅዬ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ባሏን አየችው። ዝም ቢል እሷም ዝም ትልለት ነበር፤ ማኑሄ ያንን ከዓይኗ አነበበ።

«እኔ ነኝ» አለ። «የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ።»

«አሃ፣ የመኪና!» አለች ገዲሴ፣ በሽታውን እንዳገኘ ሐኪም። «በሉ መብራቱን ያዙልኝ።»

ሠላሳ ዓመት ለረዳቶቹ «መብራቱን ያዙ» ሲል የኖረው ሰው መብራት ያዘ። ገዲሴ ከብሬከሩ ሣጥን አንስታ እውነተኛውን አረንጓዴና ቢጫ ገመድ እስከ ሶኬቱ ሳበች። ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ ኧርዙ እዚያው ሣጥን ውስጥ ታስሮ ይጠብቅ ነበር! ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከእጁ አራት እርምጃ ርቆ። የከሰለውን መስመር ቀየረች። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያመልጥ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከርም ጨመረችበት። ስትጨርስ ለካች፤ ምድጃው ሁለቱም ዓይኑ በርቶ ዜሮ አለ። ማኑሄ ራሱ ደግሞ ለካ። ዜሮ።

ገዲሴ ከሄደች በኋላ ፓወር ሰፕላዩ ጠረጴዛው ላይ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ነበር። ማኑሄ አልነካውም።

«ዜሮ ነው፣ ወርቅዬ።»

«ሰማሁ።»

«ለሚካል ደውይላታ።»

«ምንም የለምማ ሦስት ዓመት ስትለኝ ኖርክ» አለች።

ማኑሄ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። አንዱን አወለቀ፤ ሌላውን አወለቀ። ካልሲዎቹን ጠቅልሎ ጫማው ውስጥ ከተተ። ካርቶኑን ከማጠቢያው ሥር ጎትቶ አወጣና ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ወርቅዬ ታየዋለች። ቧንቧውን ከፍቶ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ አራሰ፤ ወለሉ ላይም ውሃ አፈሰሰና ውሃው ውስጥ ቆመ። የመኪና ባትሪ በባዶ እጁ የሚይዘው ሰው ፈራ! እሷ በየሳምንቱ እዚህ ስትቆም የነበረችው እንዲህ እየፈራች ነበር ማለት ነው።

ሁለት መዳፉን ማሽኑ ላይ ለጠፈ።

ወርቅዬ ማሽኑን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምታየው። ምድጃው ይግላል፤ በረንዳው ላይ ልብስ ይንጠባጠባል።

«ምን አለህ?»

«ምንም።»

«እስቲ ትንሽ ቆይ።»

ቆየ። ከእጁ የሚወርደው ውሃ እግሩ ላይ ተንጠባጠበ። ወርቅዬ ስልኳን አነሳችና ደወለች፤ እስኪነሳ ድረስ ግን ዓይኗ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«እግርህ እንዲህ ነጭ ነው እንዴ?» አለችው በሹክሹክታ፣ በእውነት ተገርማ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ሄሎ፣ ሚካልዬ? አዎ፣ አባትሽ እዚህ አለ፤ በባዶ እግሩ ማጠቢያውን አቅፎ ቆሟል። ግዴለም፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ። ሻንጣሽን አሰናጂ።»